ከ1200 ወደ 1600፦ የመጀመሪያ ቮልሴን እናቴ ግቢ ውስጥ ሞተር ልቀይርላት ነው

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች፣

ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ግቢ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር የቆመች የ1965 እ.ኤ.አ. ሞዴል ቮልስ አለችኝ። የመጀመሪያ መኪናዬ ናት። መንጃ ፈቃድ ባወጣሁ ሰሞን ጡረታ ከወጡ አንድ መምህር ገዝቼ ለዓመታት ነዳኋት፤ ኋላ ሥራ አዲስ አበባ ሲወስደኝ እሷ እዚያው ቀረች። ቦዲዋ ለዕድሜዋ ደህና ነው። ከኋላ ወንበር ሥር ባትሪ የሚቀመጥበትን ላሜራ ብቻ ዝገት በልቶ አሳልፎታል። ባለ 1200 ሲሲው ሞተሯ ግን ተጣብቋል። የፑሊው ቡሎን ላይ 30 ቁልፍ አስገብተን፣ ቧንቧ ቀጥለን፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሁለት ሆነን ብንጫነውም ንቅንቅ አላለም።

አሁን ከተገለበጠች ቮልስ የወጣ ባለ 1600 ሞተር የሚሸጥልኝ ሰው አግኝቻለሁ። ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) በየጎኑ ሁለት ሁለት የአየር መግቢያ ያለው ነው፤ የሞተር ቁጥሩም በኤዲ (AD) ፊደል ይጀምራል። ሐሳቤ መኪናዋን ጋራዥ ሳላስጎትት እዚያው ግቢ ውስጥ ሞተሩን መቀየር ነው። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የተያያዘው በ4 ቦታ ብቻ እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች፣ ሁሉም በ17 ቁልፍ የሚፈታ። ራዲያተር የለ፣ የውሃ ጎማ የለ። ክሪክ አለን፣ ወፍራም የባሕር ዛፍ ጉማጅ አለን፣ ጊዜም አለን።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ይህን ሥራ በቤታችሁ የሠራችሁ ሰዎች፣ 4ቱ ከተፈቱ በኋላ ምን ገጠማችሁ? አዲሱ ሞተር እንዲነሳ ብቻ አይደለም የምፈልገው። መኪናዋ ከዚያ በኋላ ዓመታት እንድትሄድልኝ ነው።

---

እስካሁን 36 ምላሽ መጥቷል፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በተራ የምተርካቸው፣ አዲስ የሚገባ ሰው 5ኛው ላይ የተመለሰውን ጥያቄ 30ኛው ላይ መልሶ ስለሚጠይቅ ነው። የኔን አስተያየትም በየመሀሉ ጨምሬበታለሁ።

1ኛውን ምላሽ የጻፉት አዳማ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ቮልስ ሲፈቱና ሲገጥሙ ያሳለፉ አባት ናቸው። ሥራውን አጠገቤ ቆመው የሚያሠሩኝ ያህል ዘርዝረው ነገሩኝ። ባትሪው ይፈታል፤ የቤንዚኑ ጎማ ተቆንጥጦ ይደፈናል፤ የቤንዚን መስጫው ካቦ ከካርቡራተሩ ተላቆ በማራገቢያው ቤት መሀል ባለችው ቀጭን ቱቦ ወደ ፊት ይወጣል። የዲናሞው፣ የቦቢናውና የዘይት መብራቱ ሽቦዎች ምልክት እየተደረገባቸው ይነቀላሉ። ከዚያ የታችኞቹ ሁለት ዳዶዎች፣ በመጨረሻም የላይኞቹ። ከላይኞቹ ቡሎኖች አንዱ ከማራገቢያው ቤት ጀርባ ተደብቆ በጣት ጫፍ ብቻ የሚዳሰስ ነው፤ ዳዶው ሲዞር ቡሎኑም አብሮ ስለሚዞር መኪናዋ ሥር የተኛ ሰው በሌላ 17 ቁልፍ እንዲይዘው ግድ ይላል። ሁለት ሰው የሚያስፈልገውም ለዚህ እንጂ ለክብደቱ እንዳልሆነ ጻፉ።

በጣም ያሰመሩበት ግን ሞተሩ የሚወጣበትን መንገድ ነው። ሞተሩ ክሪክ ላይ እንዳረፈ፣ ደረጃው ሳይዛባ፣ ቀጥታ ወደ ኋላ አንድ ስንዝር ያህል መጎተት አለበት። የካምቢዮው ዘንግ ከፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ክሪኩ ዝቅ ካለ የሞተሩ ክብደት ዘንጉ ላይ ይንጠለጠላል፤ ያኔ የፍሪሲዮኑ ዲስክ ይጣመማል። ሰው ይህን የሚያውቀው ሁሉን ገጥሞ ጨርሶ ማርሽ አልገባ ሲለው ነው አሉ።

2ኛው ከባሕር ዳር ነው፣ አጭር። እሱም ከአጎቱ ልጅ ጋር በአንድ ከሰዓት ቀይሮ በዚያው ማታ እንደነዳ፣ አይዞህ ብሎ አለፈ።

3ኛው ላይ ቃናው ተቀየረ። ጸሐፊው ሸጬ እንድገላገል መከረኝ። በስልሳ ዓመት ቆርቆሮ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ሞኝነት እንደሆነ፣ ባገኘሁት ላይ ጨምሬ የኤሌክትሪክ መኪና ብገዛ እንደሚሻለኝ፣ ለብረት የሚለቀስ ለቅሶ እንደማይገባው ጻፈ። 4ኛዋ መላሽ ወዲያው መለሰችለት፤ የተጠየቀው እንዴት ይሠራል እንጂ ይሠራ ወይስ አይሠራ እንዳልሆነ አስታወሰችው። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ሽያጭ የሚታሰብ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልጻፍኩ ነበር። ደግሞ ሒሳቡም እሱ እንዳለው ቀላል አይደለም፣ 22ኛው ላይ ይመጣል።

5ኛው ቨርጂኒያ የሚኖር ወንድማችን ነው፣ የውይይቱ አቅጣጫም እዚህ ተለወጠ። ያነሳው ነጥብ የካምቢዮው ቤት ነው። የ1965ቷ ቮልስ ባለ 6 ቮልት ናት፤ ቮላኖዋ፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባዱ የብረት ክብ፣ ዙሪያውን 109 ጥርስ አለው፣ ፍሪሲዮኗም 180 ሚሊ ነው። የምገዛው 1600 ግን ከ12 ቮልት መኪና የወጣ ስለሆነ ቮላኖው 130 ጥርስ፣ ፍሪሲዮኑ 200 ሚሊ ነው። ትልቁ ቮላኖ በድሮው የካምቢዮ ቤት ውስጥ አይዞርም፤ የቤቱን የውስጥ ግድግዳ ይነካል። ሞተሩ ገብቶ፣ 4ቱም ጠብቀው፣ ቁልፉ ሲዞር ካው ብሎ ይቆማል። የሞተሪኖውም (የማስነሻው ሞተር) ነገር አለ። የ12 ቮልት ሞተሪኖ ዘንግ ጫፉ ቀጠን ያለ ነው፣ ካምቢዮው ላይ ያለችው የነሐስ ቡሽ ደግሞ ለወፍራሙ የተሠራች ናት፤ ስለዚህ ቡሿ ካልተቀየረች ሞተሪኖው እየተንገጫገጨ ጥርሱን ይጨርሳል። ቡሿን ከዚያ ገዝቶ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ሊልክልኝ ቃል ገባ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

በ6ኛው ምላሽ አንድ ልጅ ነገሩን አቃለለው። በኤሌክትሪክ ሞረድ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፣ የሚነካውን ቦታ ቦርሽረህ እለፍ የሚል ነው። 7ኛው፣ ቶርኖ ቤት ያለው ሰው፣ በዚህ ተቆጣ፤ ልክም ነበር ብዬ አምናለሁ። የቮልስ ካምቢዮ ቤት የማግኒዥየም ቅይጥ ነው። የማግኒዥየም ብናኝ በሞረድ ፍንጣሪ ሊቀጣጠል ይችላል፤ አንዴ ከተቀጣጠለ ውሃ ቢደፋበት ይብስበታል እንጂ አይጠፋም፤ የሚያዳፍነው ደረቅ አሸዋ ነው። ከሣር ክምርና ከቤንዚን ጎማ አጠገብ የሚሠራ ሥራ አይደለም። እሱ የሚመክረው በእጅ ሞረድ ቀስ እያሉ መፋቅን ነው። መጀመሪያ የካምቢዮው ዘንግ ዙሪያ ያለው የዘይት መከልከያ በግራሶና በጨርቅ ይደፈናል፣ ብናኙ እንዳይገባ። ቮላኖው ጫፍ ላይ ኖራ ተቀብቶ ሞተሩ ይጠጋል፣ በእጅ ይዞራል፣ ይወጣል፤ ኖራ የታተመበት ቦታ ብቻ ይፋቃል፤ እንደገና ይሞከራል። ብናኙ በየጊዜው ተጠርጎ ከግቢ ውጭ ይጣላል። አሰልቺ ነው፣ ግን ቤትም መኪናም አያቃጥልም።

8ኛው ሌላ መንገድ አመጣ፦ የካምቢዮውን ቤት ከመንካት የ1200ውን ቮላኖ ነቅሎ 1600ው ላይ መግጠም። ሁለቱም በ4 ፒንና በመሀሉ ባለው ትልቅ ቡሎን የሚያዙ ስለሆኑ ይገጥማል፤ ሞተሪኖውም ቡሿም እንዳሉ ይቀራሉ። 9ኛው ተቃወመ፤ የ180 ሚሊ ፍሪሲዮን የ1600ን ጉልበት ስለማይችል ዳገት ላይ ይንሸራተታል፣ በተለይ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ የሚወጣ ሰው ሽታውን ያገኘዋል አለ። 8ኛው በ10ኛው ተመልሶ እሱ እንዲህ አድርጎ ዓመታት እንደነዳና ምንም እንዳልሆነ፣ መጽሐፍ ከማንበብ መኪና መንዳት እንደሚያስተምር ጻፈ። ይህቺ የመጨረሻዋ አረፍተ ነገር አላስፈለገችም ነበር።

ክርክሩን ያረጋጋው 11ኛው ነው፤ በቁጥር ስለተናገረ ወደድኩት። የድሮው 1200 ሲሠራ 34 የፈረስ ጉልበት ነበረው፣ ባለ ሁለት መግቢያው 1600 ደግሞ 50። ይህ ግን በባሕር ጠለል ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ እኔ የማገኘው 1600 ጉልበቱ 36 እና 37 አካባቢ ነው። የድሮዋ 1200 በባሕር ዳርቻ ከምትሰጠው ብዙም አይበልጥም ማለት ነው። ከዚህ ተነስቶ 8ኛው ሳይንሸራተትበት የቆየው ለምን እንደሆነ ገለጸ፤ 9ኛውም ቢሆን አልተሳሳተም፣ ምክንያቱም ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ስወርድ ጉልበቱ ይመለሳል፣ ፍሪሲዮኑ ግን ያው ነው። በዚያው ካርቡራተሩንም አነሳ። ለቆላ የተለካ ጂግለር (ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ) ደጋ ላይ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ተነቅሎ ሲታይ ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ይገኛል። አንድ ቁጥር ያነሰ ጂግለር እንድፈልግ መከረኝ።

እኔ ወደ 7ኛው አድልቻለሁ። ትልቁን ቮላኖ እጠቀማለሁ፣ ቤቱን በእጅ ሞረድ እፈቃለሁ። አንዴ የሚደረግ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ የማገኘው ማንኛውም የ12 ቮልት ፍሪሲዮንና ሞተሪኖ ይገጥምልኛል።

12ኛው የቮላኖውን መሀል ቡሎን በሚመለከት አንድ ጠቃሚ ነገር ጨመረ። ቡሎኑ በ36 ቁልፍ የሚፈታ ሲሆን የሚጠብቀው ወደ 35 ኪሎ ግራም ሜትር በሚሆን ኃይል ነው። ይህን የሚለካ መሣሪያ ግቢ ውስጥ የለም። ስለዚህ ቁልፉ ላይ አንድ ሜትር ቧንቧ ቀጥሎ ጫፉ ላይ 35 ኪሎ መጫን፣ ወይም 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሜትሩ ላይ እንዲቆም ማድረግ ያው ነው። ወንድሜ 70 ኪሎ ገደማ ስለሆነ መለኪያው ተገኝቷል። 13ኛው ይህን አይቶ ሳቀ፣ ግን ልክ ነው አለ።

ከ14 እስከ 16 ያለው ስለ ኤሌክትሪኩ ነው። 14ኛዋ አዲስ አበባ ያለች የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናት። ሽቦዎቹን እንዳልነካ ነገረችኝ፤ የ6 ቮልት መኪና ሽቦ ወፍራም ነው፣ በ12 ቮልት ለዚያው መብራት የሚያልፈው ከረንት በግማሽ ስለሚቀንስ ሽቦው ይተርፈዋል እንጂ አያንሰውም። የሚቀየሩት ባትሪው፣ አምፖሎቹ በሙሉ፣ ቦቢናው፣ ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ሪሌ፣ ጥሩምባውና የዝናብ መጥረጊያው ሞተር ናቸው። የነዳጅ መለኪያዋ በካቦ የምትሠራ ስለሆነች ቮልት አያገባትም። የ6 ቮልቱ ሞተሪኖ በ12 ቮልት ሳይቀር አጠር አጠር አድርገው ከተጠቀሙበት ይሠራል አለች። 15ኛው የሱ ሞተሪኖ ጭሶ እንደቀረ በምሬት ጻፈ። 16ኛው ላይ ተመልሳ ስንት ሰከንድ እንደያዘው ጠየቀችው፤ እስካሁን አልመለሰም።

17ኛው ላይ ሊብሬ ተነሳ፣ ከዚህ በኋላ ነገሩ ከረረ። 17ኛው ያለው ይህን ነው፦ የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል፤ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርብ ቁጥሩ ካልተመሳሰለ መኪናዋ አታልፍም። ስለዚህ ሞተሩን ከመግዛቴ በፊት ሻጩ ከየትኛዋ መኪና እንደወጣ የሚያሳይ ወረቀት ይስጠኝ፤ የሽያጭ ውላችንም በጽሑፍ ይሁን፤ ከተገጠመም በኋላ ለውጡ ሊብሬው ላይ እንዲሰፍር ላመልክት። ቁጥሩ ከዲናሞው እግር ሥር፣ ሞተሩ ላይ ተመትቶ ይገኛል። 18ኛው ለዚህ ሁሉ ጣጣ ምን አስቸኮለህ፣ አዲሱን ቁጥር ፍቀህ የድሮዋን ቁጥር ብታስመታበት ማን ያያል የሚል መልእክት ጻፈ። 19ኛውና 20ኛው ተቀባብለው ወረዱበት። 19ኛው ይህ ወንጀል እንደሆነ፣ የተሰረቀ መኪና የሚታጠበውም በዚሁ መንገድ እንደሆነ ነገረው። የተገለጸበት ቃል ከባድ ነበር፣ ሐሳቡ ግን የኔም ሐሳብ ነው። 20ኛው የአዳማው አባት ናቸው፤ ልጄ ብለው ጀምረው፣ ቁጥር የተፋቀበት ሞተር ያለው ሰው ፍተሻ ባየ ቁጥር እንደሚበረግግ፣ ለአንድ ሞተር ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ብዙ እንዳዩ ጻፉ። 18ኛው ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል።

21ኛው ለምን የ1600 ዕቃ ዛሬም እንደሚገኝ ሲያስረዳ ርቆ ሄደ፣ ግን ደስ ይላል። ጀርመን ቮልስን መሥራት ያቆመችው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው፤ ሜክሲኮ ግን ፑዌብላ ላይ እስከ ሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ሠርታለች፣ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ሆነች። ብራዚል ደግሞ ይህንኑ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ኮምቢ ላይ እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ድረስ ገጥማለች። ስለዚህ ፒስተኑም ቴስታታውም የሙዚየም ዕቃ አይደለም።

22ኛው 3ኛውን መልሶ ጠራው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ እንደጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት እንደተከለከለ አስታወሰ። ያለውን መኪና የሸጠ ሰው በዚያ ዋጋ መልሶ አይገዛም፤ የአሮጌዎቹ ዋጋ የወጣውም ለዚሁ ነው። 3ኛው በ23ኛው ተመልሶ ይህ ሁሉ ለኤሌክትሪክ መኪና እንደሚያመች እንጂ ለቮልስ እንዳልሆነ ተከራከረ። 24ኛው ሁለቱን ላስታርቅ ብሎ ቮልሷን እራሷን ወደ ኤሌክትሪክ ለመቀየር ሐሳብ አቀረበ። የሚቻል ነገር ነው፣ የሚያስደስትም ነው፤ ግን የባትሪው ወጪ ከመኪናዋ ዋጋ ጋር ይወዳደራል፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ያለው 130 ኪሎ ሜትርም በአሮጌ ባትሪ የሚታሰብ አይደለም። 25ኛው ሱባሩ ሞተር ግጠምበት አለ። ለዚያ ከፊት ራዲያተር፣ ከኋላ ማያያዣ ሳህን፣ ሆድ ውስጥ የሚያልፍ የውሃ ቧንቧ ይፈለጋል። ያ ሌላ መኪና መሥራት ነው፤ አልገባበትም።

26ኛውን ግን እባካችሁ ሁላችሁም አንብቡት። ከድሬዳዋ ነው። ይህ ሰው እኔ ያሰብኩትን ሥራ ሁሉ በትክክል ሠርቷል። ቮላኖው ተስተካክሏል፣ ፍሪሲዮኑ አዲስ ነው፣ ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ። ከተወሰኑ ወራት በኋላ ጉልበት አጣ፣ በሦስት ሲሊንደር መሄድ ጀመረ። ሲፈታ የ3ኛው ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ ጠርዙ ተበልቶ ተገኘ። ምክንያቱን ሲፈልግ ያገኘው ላሜራዎቹን ነው። ሲሊንደሮቹን ከላይና ከታች የሚሸፍኑት ላሜራዎች ሞተሩን ሲገዛው ጎድለው ነበር፤ ማንም ዕቃ ብሎ አልቆጠራቸውም። ሞተሩ ዙሪያ ቦዲውንና ላሜራውን የሚያገናኘው ጎማም አልነበረም። የማሞቂያው ሁለት ወፍራም ጎማዎች ተነቅለው የማራገቢያው ቤት ላይ ሁለት ክፍት ቀዳዳ ቀርቷል። በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር ይህ ማለት በውሃ የሚቀዘቅዝ መኪና ራዲያተሩ ተቀዶ ሲነዳ ማለት ነው። ማራገቢያው የሚነፋው አየር በቀዳዳዎቹ ያመልጣል፤ ከሥር ከሲሊንደሩና ከማርሚታው የሚወጣው ትኩስ አየር ደግሞ ጎማው በሌለበት ክፍተት ተመልሶ ወደ ላይ ይሳባል፣ ማራገቢያውም ያንኑ ትኩስ አየር መልሶ ይነፋዋል።

27ኛው ላይ የአዳማው አባት ለምን 3ኛው ሲሊንደር ቀድሞ እንደሚጎዳ አብራሩ። በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ማራገቢያው ቤት ውስጥ፣ ከ3ኛው ሲሊንደር በላይ ቆሞ አየሩን ይጋርድበታል፣ ያሞቅበታልም። ከ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣው ወደ ማራገቢያው ቤት ጀርባ ወጣ ብሎ የራሱ ሳጥን ተሠራለት፣ ማራገቢያውም ሰፋ። የምገዛው የኤዲ ሞተር ባለ ሳጥኑ ነው፤ ስለዚህ የ1200ውን የማራገቢያ ቤት አምጥቼ እንዳልጭንበት፣ ሳጥኑንና የሳጥኑን ሙቅ አየር ወደ ሥር የምታወጣውን ትንሽ ላሜራ አብሬ እንድቀበል አስጠነቀቁኝ። ያቺ ላሜራ ከጎደለች የዘይቱ ሙቀት ሞተር ክፍሉ ውስጥ ይቀራል።

28ኛው ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ለኔ ይህ ሁሉ አያሳስበኝም አለ። 29ኛው አረመው፣ ትንሽ በቁጣ፦ ብርዱ ይረዳል፣ ነገር ግን የሳሳ አየር ሙቀት የሚሸከመው ያንኑ ያህል አይደለም፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ሙሉ ሲጨነቅ መኪናዋ ደግሞ በዝግታ ነው የምትሄደው። የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን የወጣ ሰው ብርድም ሙቀትም በአንድ ጉዞ ያገኛል ሲል ጨመረ። 30ኛው፣ እንዳልኩት፣ የቮላኖውን ጥያቄ እንደ አዲስ ጠየቀ። እባክህ 5ን፣ 7ንና 11ን አንብብ።

31ኛው ሞተር ከመግዛቴ በፊት እዚያው መሬት ላይ እንዳለ የምፈትሽበትን ነገረኝ። የፑሊውን ጠርዝ በሁለት እጅ ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋት። የሚፈቀደው እንቅስቃሴ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ነው፤ ይህ በእጅ እምብዛም አይታወቅም። ኳ ኳ የሚል ድምፅ ከሰማሁ ብሮንዚናው (የሞተሩን ዘንግ የሚሸከመው ቀለበት) የሚቀመጥበት የሞተሩ አካል ተበልቷል፣ የፒስተን ፋሻና ቫልቭ በመቀየር አይድንም። የቴስታታውን ዳዶዎችም እንድነካካ ነገረኝ፤ ሲጠብቅ ማብቂያ የሌለው ዳዶ ካለ ክሩ ከአካሉ ውስጥ ተነቅሏል፣ ቶርኖ ቤት ገብቶ ማጠናከሪያ ሳይገጠምለት ሥራ አይጀመርም። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ እንደሆነና ከወንፊት በቀር ፊልትሮ እንደሌለው፣ ስለዚህ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ እንዳለበት፣ ቫልቮቹም ሞተሩ ቀዝቅዞ በ0.15 ሚሊ እንደሚስተካከሉ ጨምሮልኛል።

32ኛው 3ኛውና 22ኛው በነዳጅ ዋጋ የጀመሩት ንትርክ ነው። ወደ ፖለቲካ ስለተሻገረ አልተርከውም። 33ኛው የመድረኩ አስተባባሪ ሁለቱንም አረጋጋ።

34ኛዋ እህት ከሁሉ በተለየ ስለ አሮጌው 1200 ጠየቀችኝ፤ ልጥለው ነው ወይ? አልጥለውም። እሷ እንደመከረችው በየካንዴላው ቀዳዳ ናፍጣ ከዘይት ቀላቅዬ አፍስሼበታለሁ፤ ለሳምንታት እንዲቀመጥ ነው፣ በየመሀሉ ፑሊው በትንሹ ይሞከራል። ቢላቀቅም ባይላቀቅም በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ከፋብሪካ የወጣችበት ሞተር እሱ ነው፣ ቁጥሩም የሷ ነው። 35ኛው የድሮ ዕቃ የሚሰበስብ ሰው ነው፤ አንድ ቀን መኪናዋን እንደ ተፈጠረች መመለስ የሚፈልግ ሰው ቢመጣ ለዚህ እንደሚያመሰግነኝ፣ ስለዚህም የካምቢዮውን ቤት ከመፋቅ ከ12 ቮልት መኪና የወጣ ካምቢዮ ብፈልግ እንደሚሻል ጻፈ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ አክብሬ ሰማሁት። ግን ለኔ መኪናዋ የምትነዳ ናት። በሞረድ የሚፋቀው ቦታ ከውጭ አይታይም፣ የ6 ቮልቱም ቮላኖ ተመልሶ እንዳይገጥም አያደርገውም። የሊብሬውን ነገር ደግሞ በ17ኛው መንገድ እንጂ በሌላ አልሄድም፤ ሻጩ ወረቀት ከሌለው ሞተሩ ይቅርብኝ።

36ኛው ሥራውን መቼ እንደምጀምር ጠየቀ። የፑሊውን እንቅስቃሴ ለማየት ከሻጩ ጋር ለቅዳሜ ተቀጣጥረናል፤ 31ኛው ያለውን ፈተና ካለፈ የዚያኑ ቀን ጭኜ እወስደዋለሁ። ሞተሩ ላይ ያሉትን ላሜራዎች ፎቶ እንዲልክልኝ ጠይቄው ልኮልኛል። የሲሊንደሮቹ የላይኞቹ አሉ፣ የታችኞቹም አሉ። የዘይት ማቀዝቀዣው ሳጥን አለ። የሌሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የሳጥኑን ሙቅ አየር ወደ ሥር የምታወጣዋ ላሜራና የሞተር ክፍሉ ዙሪያ ጎማ። ሶማሌ ተራ ሁለት ሱቅ ጠይቄ አላገኘሁም። ላሜራዋ ያለችው ወይም የት እንደምትገኝ የሚያውቅ ሰው ከታች ይጻፍልኝ፤ ከብራዚል ኮምቢ የወጣ ጎማ ከኛዋ ቦዲ ጋር ይገጥም እንደሆነም የሞከረ ካለ ይንገረኝ።